ማጠብ ይቀድማል፦ በአዳማ ላሉ ክሊኒኮች የበረኪና አጠቃቀም መመሪያ

በረኪና በየሱቁ የሚገኝና ዋጋው የማይከብድ በመሆኑ በክሊኒኮቻችን የበሽታ መከላከል ሥራ በአብዛኛው በእርሱ ላይ ተጥሏል። ይሁን እንጂ በደም ወይም በትውከት ላይ በቀጥታ ሲፈስ፣ ክሎሪኑ ተህዋስያኑን ከመግደሉ በፊት በቆሻሻው ላይ ያልቃል። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ አይገለበጥም፤ በመጀመሪያ ቆሻሻው ይነሳል፣ ከዚያ ቦታው በሳሙናና በውሃ ይታጠባል፣ በረኪናው የሚመጣው በመጨረሻ ነው።

ደም ለነካው ወለልና ጠረጴዛ የሚያስፈልገው 0.5 በመቶ ክሎሪን ያለው ውህድ ነው። ለማዘጋጀት በጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን የክሎሪን መጠን ያንብቡና ለ0.5 ያካፍሉት፤ ከውጤቱ 1 ሲቀንሱ ለአንድ እጅ በረኪና ስንት እጅ ውሃ እንደሚያስፈልግ ያገኛሉ። 5 በመቶ ከሆነ አንድ እጅ በረኪና በ9 እጅ ውሃ፣ 4 በመቶ ከሆነ ደግሞ በ7 እጅ ውሃ ይበረዛል። መለኪያው ጆግም ይሁን ጣሳ ለሁለቱም አንድ ዓይነት እስከሆነ ድረስ ችግር የለውም፤ በክዳን እየገመቱ መጨመር ግን መለካት አይባልም። መጠኑ ያልተጻፈበትን ጠርሙስ ርካሽ ቢሆንም አይግዙ።

ክሎሪን በሙቀትና በፀሐይ ብርሃን ይዳከማል፤ እንደ አዳማ ባለ ሞቃት ከተማ በመስኮት ሥር የተቀመጠ ጠርሙስ ከሽታው በቀር ብዙም ላይቀረው ይችላል። በጥላ ሥር፣ ብርሃን በማያሳልፍና ክዳኑ በሚገጥም ዕቃ ያስቀምጡት። የተበረዘውን በየዕለቱ አዲስ እያዘጋጁ የተዘጋጀበትን ቀንና ሰዓት በዕቃው ላይ ይጻፉ። የደፈረሰ ውሃም ክሎሪኑን ስለሚጨርስ ሳይጠል አይጠቀሙበት። አሲድነት ካለው የመጸዳጃ ቤት ማጽጃ ጋር ፈጽሞ አይቀላቅሉት፤ የሚወጣው ጋዝ ሳንባን ይጎዳል።

ደም ሲፈስ የጽዳት ሠራተኛዋ ወፍራም ጓንት፣ ሽርጥና የዓይን መከላከያ ካደረገች በኋላ ደሙን በጨርቅ ወይም በወረቀት አንስታ ለተላላፊ ቆሻሻ በተመደበው ቢጫ ከረጢት ትጥላለች፤ ቦታውን በሳሙናና በውሃ አጥባ ውህዱን ታፈስበትና 10 ደቂቃ ትጠብቃለች። ወዲያው መወልወል ልፋቱን ከንቱ ያደርገዋል። እነዚህን መከላከያዎች ሳያሟሉላት በሥራዋ ማማረር ፍትሐዊ አይመስለኝም።

የሕክምና መሣሪያዎችን ከማጠብ በፊት በክሎሪን መዘፍዘፍ ብዙዎቻችን የተማርነው ልማድ ቢሆንም የዓለም ጤና ድርጅት አይመክረውም፤ ብረቱን ያዝጋል፣ ያልታጠበውንም ቆሻሻ አያስወግድም። መሣሪያዎቹን ሳይደርቁ ያጥቡና በግፊት በታመቀ እንፋሎት ወደሚያመክነው አውቶክሌቭ ያስገቡ። እዚህ ላይ የከተማችን ከፍታ ይታሰብ፤ አዳማ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,600 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ95 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ነው፤ መቀቀልም በባሕር ዳርቻም ሆነ እዚህ ማምከን፣ ማለትም ተህዋስያንን ሁሉ መግደል፣ አይደለም። የአውቶክሌቩ የግፊት ጠቋሚ በባሕር ጠለል ልክ የተሠራ ሊሆን ስለሚችል፣ ግፊቱን ሳይሆን ሙቀቱ 121 ዲግሪ መድረሱን አይተው ከዚያ በኋላ ለተጠቀለለ መሣሪያ 30 ደቂቃ ይቁጠሩ።

ሳንባ ነቀርሳ በአየር ስለሚተላለፍ ወለልን በበረኪና መወልወል አያቆመውም። ሳል ያለበትን ታካሚ ከወረፋው አስቀድመው ያስተናግዱ፣ ማስክ ይስጡት፣ ትይዩ መስኮቶችን ይክፈቱ፤ አቧራ እያስገባ የምናማርረው የአዳማ ነፋስ ለዚህ ጥሩ አጋዥ ነው።

እጅም በበረኪና አይታጠብም። በዓይን የሚታይ ቆሻሻ ከሌለ በአልኮል ከ20 እስከ 30 ሰከንድ ማሸት ይበቃል፤ ካለ ግን በሳሙናና በውሃ ከ40 እስከ 60 ሰከንድ መታጠብ ያስፈልጋል። መርፌ የወጋው ባለሙያም ቁስሉን ሳይጨምቅና በረኪና ሳያፈስበት በሳሙናና በውሃ ይጠበው፤ ወዲያውም ለኃላፊው ያሳውቅ። የኤችአይቪ መከላከያ መድኃኒት በተቻለ ፍጥነት፣ ቢዘገይ ግን ከ72 ሰዓት ሳያልፍ መጀመር ስላለበት ተረኛው እስኪቀየር አይጠበቅም።