የፊዚዮቴራፒ ክሊኒክ ከመምረጥዎ በፊት ምን ይጠይቃሉ?

«ፊዚዮቴራፒ» የሚለው ቃል ዛሬ ከክሊኒክ ታፔላ አልፎ ማሳጅ ቤትና ጂም በር ላይም ይነበባል። ከታፔላው ጀርባ ያለው ሰው ዩኒቨርሲቲ ተምሮ ፈቃድ ያወጣ ባለሙያ ሊሆን ይችላል፤ አጭር የማሳጅ ሥልጠና ብቻ የወሰደም ሊሆን ይችላል። ለደከመ ትከሻ ልዩነቱ ላይታይ ይችላል። ስትሮክ ለመታው አባት ወይም ጉልበቷ ተሰብሮ ጄሶ ለፈታች እናት ግን ብዙ ነገር ይለውጣል።

በኢትዮጵያ ፊዚዮቴራፒ በዲግሪ ደረጃ መሰጠት የጀመረው በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ነው፤ በእኛ አቆጣጠር በ1990ዎቹ አጋማሽ ገደማ። ትምህርቱ አራት ዓመት ይፈጃል። ተማሪው አናቶሚ፣ ፊዚዮሎጂ፣ የአጥንትና የነርቭ በሽታዎችን ይማራል፤ ከዚያም ሆስፒታል ገብቶ በአስተማሪ ክትትል ታካሚ ያያል። ከመጀመሪያ ዲግሪ በላይ የሚማሩም አሉ፤ ዲፒቲ የሚባለውን የፊዚዮቴራፒ ዶክትሬት የያዘ ባለሙያ «ዶክተር» ተብሎ ሊጠራ ይችላል። ይህ በሙያው የተገኘ ማዕረግ ነው፤ መድኃኒት የሚያዝ ወይም ቀዶ ጥገና የሚያደርግ ሐኪም ነው ማለት ግን አይደለም። ማዕረጉን ሰምተው የሚደናገሩ ታካሚዎች ብዙ ናቸው፤ መጠየቅ ነውር የለውም።

ዲግሪ ብቻውን ለማከም አያበቃም። ባለሙያው የሙያ ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ ክሊኒኩ ደግሞ ለብቻው ከጤና ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት የብቃት ማረጋገጫ ማውጣት አለበት። ንግድ ፈቃድ የሁለቱንም ቦታ አይተካም። ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን ወረቀት ሲያዩ ስሙን፣ የሙያውን ዓይነትና ጊዜው የሚያበቃበትን ቀን ያንብቡ። የሙያ ፈቃድ በየጊዜው ይታደሳል፤ ለማሳደስም ተከታታይ የሙያ ማጎልበቻ ሥልጠና ይጠየቃል። የተለመደው ችግር የተጭበረበረ ወረቀት አይደለም፤ ፈቃዱ የአንዱ፣ የሚያክመው ሌላው መሆኑ ነው። ባለ ፈቃዱ በሳምንት አንዴ ብቅ ይላል፤ በቀረው ቀን ረዳቱ ማሽን ሰክቶ ይሄዳል። ስለዚህ እንግዳ መቀበያው ላይ «የሚያክመኝ ማን ነው? በየቀጠሮው የማገኘው እሱን ነው?» ብለው ይጠይቁ። ረዳት መኖሩ ጥፋት የለውም፤ ምርመራውንና ዕቅዱን ግን ፊዚዮቴራፒስቱ ራሱ ሊሠራ ይገባል። ቤት ድረስ የሚመጣ ባለሙያም ያው ፈቃድ ሊኖረው ይገባል።

ውጭ አገር ላላችሁ፣ በተለይ ወላጅ አስመጥታችሁ ለምታሳክሙ፣ ማጣራቱ ይቀላል። በብሪታንያ «ፊዚዮቴራፒስት» የሚለው መጠሪያ በሕግ የተጠበቀ ነው፤ ኤችሲፒሲ በሚባለው ተቋም መዝገብ ላይ ስሙ መኖሩን ማንም ሰው በነጻ ያያል። በአሜሪካም እያንዳንዱ ስቴት ለራሱ ፈቃድ ይሰጣል፤ ስሙ በስቴቱ ድረ ገጽ ይፈለጋል።

ክሊኒክ ከመሄድ በፊት ግን አስቀድሞ ሐኪም ማየት የሚገባው ሕመም አለ። የወገብ ሕመሙ ከትኩሳት፣ ከሌሊት ላብ ወይም ከክብደት መቀነስ ጋር ከመጣ የአከርካሪ ቲቢ ሊሆን ይችላል፤ እኛ አገር ይህን መዘንጋት አይገባም። እንዲህ ያለውን ጀርባ ማሸትና ማንቋቋት አደገኛ ነው። ሽንት ከቋጠረ ወይም አልታወቅ ካለ፣ በእግሮች መካከል ያለው ቦታ ከደነዘዘ፣ ሁለቱም እግሮች ከዛሉ፣ በዚያው ቀን ድንገተኛ ክፍል መሄድ ነው። አንድ ባት ብቻ ካበጠ፣ ከሞቀና ካመመ የደም መርጋት ሊሆን ስለሚችል አይታሽም። ወጌሻ ጋ ታስሮ የመጣ ክንድ ወይም እግርም አለ። ከማሰሪያው በታች ያሉት ጣቶች ከቀዘቀዙ፣ ከጠቆሩ፣ ከደነዘዙ ወይም ጣቶቹን ቀና ሲያደርጓቸው ሕመሙ ከባሰ ማሰሪያው ወዲያው ይፈታ፤ ሆስፒታል መድረስ ያለበትም ሳያድር ነው። ማሰሪያ ጠብቆባቸው እጅና እግራቸውን ያጡ ሕፃናት ጥቂት አይደሉም።

ጥሩ ክሊኒክ የሚታወቀው በመጀመሪያው ቀጠሮ ነው። ባለሙያው አልጋ ላይ ውጡ ከማለቱ በፊት ይጠይቃል፦ ሕመሙ መቼ ጀመረ፣ ሌሊት ይቀሰቅሳል ወይ፣ ስኳር፣ ደም ግፊት አለ ወይ፣ የሚወስዱት መድኃኒት ምንድን ነው፣ በሥራዎ ቀኑን ቆመው ነው ወይስ ተቀምጠው የሚውሉት። ኤምአርአይ ይዘው ከሄዱ ያየዋል፤ ወረቀቱን ብቻ አይቶ ግን «ዲስክ አለብዎት» ብሎ አይጨርስም። ምንም የማያማቸው ሰዎች ምስል ላይም የወጣ ዲስክ ይታያል። ከዚያ ጫማ አስወልቆ ያስኬዳል፣ ጉልበቱን ከልብስ አውጥቶ ያያል፣ ሁለቱን ጎን ያወዳድራል፣ ይለካል። ለጉልበት ጎኒዮሜትር የምትባል ባለ ሁለት ክንድ መለኪያ ይዞ ስንት ዲግሪ እንደታጠፈ ይጽፋል። ለአረጋዊ ከወንበር ተነሥቶ 3 ሜትር ሄዶ፣ ዞሮ፣ ተመልሶ እስኪቀመጥ በሰከንድ ይቆጥራል፤ 12 ሰከንድና ከዚያ በላይ ከወሰደበት ለመውደቅ የተጋለጠ ነው ተብሎ ይያዛል። ቁጥር ካልተጻፈ ከሳምንታት በኋላ «ተሻለዎት?» ከሚል ጥያቄ በቀር የሚታይ ነገር አይኖርም።

በመጨረሻም ግብ ይቀመጣል። «ሕመሙ ይቀንሳል» ማለት ግብ አይደለም። «በአራት ሳምንት ጉልበቷ 90 ዲግሪ ታጥፎ ያለ ሰው ድጋፍ ደረጃ ትወጣለች» ማለት ግን ግብ ነው፤ አለመሳካቱም ይታወቃል።

ማሽን ሕክምናውን አይተካም። የኤሌክትሪክ ማነቃቂያው ቴንስ፣ አልትራሳውንድ፣ ኢንፍራሬድ መብራት፣ ሙቅ ከረጢት በየክሊኒኩ አሉ፤ አንዳንዱ ለጊዜው ያስታግሳል። ለወገብ ሕመም ግን የሕክምና መመሪያ የሚያወጣው የብሪታንያ ተቋም ናይስ በ2016 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ቴንስም አልትራሳውንድም መጎተቻም እንዳይሰጡ መክሮ፣ እንቅስቃሴን አስቀድሟል። በየቀጠሮው 40 ደቂቃ ማሽን ላይ ተኝተው አንድም እንቅስቃሴ ሳይሠሩ ከወጡ፣ የከፈሉት ለመብራቱ ነው። ማሽኑ የሚከለከልበት ሁኔታም አለ። የልብ ምት ማስተካከያ ያለው ሰው ቴንስ ከመደረጉ በፊት ይናገር፤ ብረት የተገጠመለት ሰው ደግሞ ሾርትዌቭ በሚባለው የሙቀት ማሽን አይታከም። ስኳር ያለበት ሰው እግሩ ሊደነዝዝ ስለሚችል ሙቀት ሳያውቀው ሊያቃጥለው ይችላል። ጥንቃቄ ያለው ባለሙያ ከሙቅ ከረጢት በፊት ሙቅና ቀዝቃዛ ነገር አስነክቶ ስሜቱን ይፈትሻል፣ ፎጣውን በብዙ ድርብ ይጠቀልላል፣ ከ5 ደቂቃ በኋላም ገልጦ ቆዳውን ያያል። ከ20 ደቂቃ በላይ አያቆይም። «ይቻሉት፣ ሲያቃጥል ነው የሚሠራው» የሚል ሰው ካጋጠመዎት ተነሥተው ይውጡ።

ቤት የሚሠራው ሥራ ከክሊኒኩ ይበልጣል። በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ቀጠሮ ቢኖር የቀሩት ቀናት የእርስዎ ናቸው። ከሦስት እስከ አምስት እንቅስቃሴ፣ ስንት ጊዜ፣ በቀን ስንት ዙር እንደሚሠራ ተጽፎ ይሰጥዎ፤ ባለሙያው ፊትም አንዴ ሠርተው ያሳዩ። ከሠሩ በኋላ ትንሽ ማመሙ የተለመደ ነው። ሕመሙ በማግሥቱ ወደነበረበት ካልተመለሰ ግን መጠኑ በዝቷል፤ ይንገሯቸው እንጂ ዝም ብለው አያቋርጡ። የስትሮክ ታካሚ ካለ አስታማሚውም መማር አለበት፦ ከአልጋ ወደ ወንበር እንዴት እንደሚዛወር፣ የዛለው ክንድ በትራስ እንዴት እንደሚደገፍ። የዛለውን ክንድ ይዞ ጎትቶ ማንሣት ትከሻውን ከቦታው ሊያወጣው ይችላል፤ ቤተሰብ በደግነት ከሚሠራቸው ስሕተቶች ዋናው ይህ ነው። ክሊኒኩ ቤተሰቡን ውጭ አስቀምጦ በር የሚዘጋ ከሆነ ይህን ማን ያስተምራቸዋል?

እግሩ ወደ ውስጥ ዞሮ ለተወለደ ሕፃን ማሸት አይበቃም፤ በየሳምንቱ በሚቀየር ጄሶ የሚቃና ነው። አጥንት ሐኪም ጋ በጊዜ ይድረስ።

ስለ ክፍያ፦ የአሥርና የሃያ ቀጠሮ ጥቅል አስቀድመው አይክፈሉ፣ ቅናሹ ቢያጓጓም። ሦስት ቀጠሮ ከፍለው ይዩ፤ ከአራት እስከ ስድስት ቀጠሮ ባለው ጊዜም ያው ልኬት ተደግሞ ይታይ። መድን ካለዎት የሐኪም ሪፈር ይፈለግ እንደሆነ ቀድመው ይጠይቁ፤ በማኅበረሰብ ጤና መድን የሚታከም ሰው ከጤና ጣቢያ ሪፈር ይዞ ቢሄድ ይሻለዋል።

ቦታውም ይታይ። አራተኛ ፎቅ ያለ ክሊኒክ ሊፍቱ መብራት ሲጠፋ የሚቆም ከሆነ በክራንች ለሚሄድ ሰው አይሆንም። ታክሲ ሁለት ጊዜ ቀይሮ የሚደረስበት «ምርጥ» ክሊኒክ ከሦስተኛው ሳምንት በኋላ ይቋረጣል፤ ቅርብ ያለውና ደህና የሚለካው ይበልጣል።

ለውጥ ከሌለ ባለሙያው ዕቅዱን መቀየር ወይም ወደ ሐኪም መመለስ አለበት። ክሊኒክ ሲቀይሩ የምርመራውንና የልኬቱን ቅጂ ይጠይቁ፤ አዲሱ ባለሙያ ጉልበቱ ከየት ተነሥቶ የት እንደደረሰ ከዚያ ያነባል።