በድንች፣ በቲማቲምና በጀራኒየም ላይ የሚደርሰውን የባክቴሪያ አጠውልግ በሽታ መለየትና መከላከል

ራልስቶኒያ የተባለው ባክቴሪያ የሚያስከትለው አጠውልግ በሽታ ድንችን፣ ቲማቲምን፣ በርበሬንና ዝንጅብልን ብቻ ሳይሆን ለጌጥ የሚተከለውን ጀራኒየምንም ያጠቃል። ቅጠሉ አረንጓዴ እንደሆነ በቀትር ጠውልጎ ማታ ቀና የሚል ድንች ወይም ቲማቲም ሲታይ፣ ውሃ ጠምቶታል ብሎ ከማጠጣት በፊት ግንዱን ከሥሩ አጠገብ ቆርጦ ጫፉን ንጹሕ ውሃ በያዘ ብርጭቆ ውስጥ ሳያነቃንቁ ማንጠልጠል ይገባል፤ በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ከቁራጩ ወተት የመሰለ ቀጭን ክር ወደ ታች ከወረደ፣ ተክሉ በባክቴሪያ መያዙን ያመለክታል።

በሽታው የሚበረታው አፈሩ ሲሞቅና ውሃ ሲቋጥር ነው። ኔማቶድ የተባሉ ሥር የሚበሱ ጥቃቅን ትሎችና በኩትኳቶ ጊዜ የሚደርስ ቁስልም መግቢያ ይሆኑታል። በእኔ እምነት ግን ከሁሉ የከፋው የተበከለ ዘር ነው፤ በደጋ ቅዝቃዜ ምልክት ሳያሳይ ያደገ ድንች ሞቅ ወዳለ አካባቢ ለዘር ሲወሰድ በሽታውን ይዞ ይሄዳልና፣ የዘሩን ምንጭ ሳያጣሩ መግዛት አይገባም።

የታመመ ተክልን የሚያድን ኬሚካል የለም። ተክሉን በዙሪያው ካለው አፈር ጋር ነቅሎ ከመስኖ ቦይ ርቆ መቅበር፣ መሣሪያዎችን በበረኪና ማጽዳት፣ ማሳውንም ለጥቂት ዓመታት በስንዴ፣ በገብስ ወይም በበቆሎ እያፈራረቁ በመካከሉ የሚበቅለውን ቅሪት ድንች ሳይታክቱ መንቀል ያስፈልጋል።