የመንግሥት ድርጅት ሲከፈልና ሲዋሃድ፦ ሒሳቡን ስናነብ የምንሠራቸው ስህተቶች

የመንግሥት ድርጅት የፋይናንስ ሪፖርት እጁ የገባ ሰው መጀመሪያ የሚያየው የመጨረሻውን መስመር ነው። አተረፈ ወይስ ከሰረ? ቀጥሎ የአምናውን ይፈልጋል፣ ከዚያ የካቻምናውን። አምስት ስድስት ዓመት ይደረድርና «እያደገ ነው» ወይም «አበቃለት» ብሎ ይፈርዳል። ድርጅቱ በእነዚያ ዓመታት ሁሉ ያው አንድ ድርጅት ከሆነ ችግር የለውም። የመንግሥት ድርጅት ግን እንዳለ አይቆይም። ይከፈላል፣ ይዋሃዳል፣ ከሚኒስቴር ወጥቶ ኮርፖሬሽን ይሆናል፣ አንዳንዴም ወደ ግል ዞሮ ተመልሶ ይመጣል። በተነካ ቁጥር የሒሳቡ ተከታታይነት ይቆረጣል። አብዛኛው ስህተት የሚፈጠረው እዚያ የተቆረጠበት ቦታ ላይ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

ስሙን ተከትሎ መሄድ

የኒውዚላንድ ፖስታ ቤት ድሮ ደብዳቤ ያደርስ ነበር፣ ስልክ ያስገባ ነበር፣ የቁጠባ ባንክም ነበረው። በ1986 የመንግሥት ድርጅቶች ሕግ ወጣና በዓመቱ፣ በ1987፣ ድርጅቱ ለሦስት ተከፈለ፦ ፖስታ፣ ቴሌኮም እና ፖስት ባንክ። «ፖስታ» የሚለውን ስም ብቻ ይዞ ከ1986 ወደ 1988 የተሻገረ አንባቢ ገቢው ገደል የገባ ይመስለዋል። የስልኩ ገቢ የትም አልጠፋም፤ የተመዘገበው ሌላ ድርጅት መዝገብ ላይ ነው። በኋላ ባንኩና ቴሌኮሙ ተሸጡ፤ ሁለቱ ከመንግሥት መዝገብ የወጡት በዚህ ነው።

መከተል ያለብዎት ሥራውንና ንብረቱን ነው። ድርጅቱን ባቋቋመው ሕግ ውስጥ መብትና ግዴታ ለማን እንደተላለፈ የሚናገር አንቀጽ አብዛኛውን ጊዜ አይጠፋም። ቁጥሮቹን ከማየትዎ በፊት እሱን ያንብቡ።

ዕዳው የት እንደገባ አለመጠየቅ

ውርስ ሲካፈል ስለ ቤቱና ስለ መሬቱ የማይጠይቅ የለም። ስለ ዕዳው የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። በመንግሥት ድርጅት ክፍፍልም እንዲሁ ነው። ከስህተቶቹ ሁሉ ዋጋ የሚያስከፍለው ይሄኛው ይመስለኛል፤ የጃፓንን ታሪክ ዘርዘር አድርጌ የማነሳውም ለዚህ ነው።

የጃፓን ብሔራዊ ባቡር በ1949 ኮርፖሬሽን ሆነ። ሺንካንሰን የሚባለው ዝነኛ ፈጣን ባቡር በ1964 ሥራ ጀመረ። የሚገርመው፣ ድርጅቱ መክሰር የጀመረውም በዚያው ዓመት ነው። ከዚያ በኋላ ብድር በብድር ላይ ተደራረበ። በ1987 ሲከፋፈል የረጅም ጊዜ ዕዳው 37 ትሪሊዮን የን ገደማ ደርሶ ነበር። በምትኩ ሰባት ኩባንያዎች ተቋቋሙ፦ ስድስት የመንገደኛ፣ አንድ የጭነት።

ትልልቆቹ ኩባንያዎች ብዙም ሳይቆዩ አተረፉ። «ክፍፍሉ ሠራ» ተባለ። አገልግሎቱ መሻሻሉን አልክድም። ሆኖም ከዕዳው ውስጥ 25.5 ትሪሊዮን የን ገደማ የሚሆነው ወደ ባቡር ኩባንያዎቹ ጨርሶ አልሄደም። አንድም ባቡር የሌለው የዕዳ አጣሪ ኮርፖሬሽን ተቋቁሞ ተሸከመው። የተሰጠው ሥራ የቀድሞውን ድርጅት መሬትና የአዲሶቹን ኩባንያዎች አክሲዮን ሸጦ ዕዳውን መክፈል ነበር። የመሬት ዋጋ ሰማይ ሲነካ መንግሥት «ሽያጩ ዋጋውን የባሰ ያንረዋል» ብሎ አዘገየው። ዋጋው ሲወድቅ ደግሞ ጥሩ ገዢ ጠፋ። ወለዱ ማንንም አልጠበቀም። አጣሪው በ1998 ሲፈርስ ዕዳው ጭራሽ ወደ 28 ትሪሊዮን የን አድጎ ነበር። ከዚህ 24 ትሪሊዮን ገደማው በ60 ዓመት እንዲከፈል በመንግሥት ትከሻ ላይ ወደቀ።

እንግዲህ የሰባቱን ኩባንያዎች ሪፖርት ብቻ ያነበበ ሰው የስኬት ታሪክ አነበበ። ስምንተኛውን የጨመረ ሰው ደግሞ ሌላ ታሪክ አገኘ። ሁለቱም ያነበቡት ትክክለኛ ቁጥር ነው።

እዚያው ጃፓን ሌላም ወጥመድ አለ። የሆካይዶ፣ የሺኮኩና የኪዩሹ ኩባንያዎች መንገደኛቸው አነስተኛ ስለሆነ ዕዳ አልተሰጣቸውም። እንዲያውም ለሦስቱ በድምሩ 1.3 ትሪሊዮን የን የሚጠጋ የማረጋጊያ ፈንድ ተመደበላቸው፤ ከባቡሩ የሚመጣው ኪሳራ በፈንዱ ወለድ እንዲሸፈን። የወለድ ምጣኔ ሲወርድ ገቢያቸውም አብሮ ወረደ። ያን ጊዜ «ሥራ አስኪያጆቹ ሰነፉ» ብሎ የጻፈ ሰው ተሳስቷል። ወለዱ ከፍ ባለበት ዘመን ያመሰገናቸውም ያው ነው።

የሒሳብ ምዝገባን የሥራ ውጤት አድርጎ መቁጠር

የአሜሪካ ፖስታ አገልግሎት እስከ 1971 የመንግሥት መሥሪያ ቤት ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ራሱን ችሎ በገቢው እንዲተዳደር ተደረገ። በ2006 የወጣ ሕግ ደግሞ የጡረተኞቹን የወደፊት ሕክምና ወጪ አስቀድሞ እንዲያስቀምጥ አስገደደው። ለአሥር ዓመት፣ በዓመት 5.5 ቢሊዮን ዶላር ገደማ።

በ2012 ድርጅቱ 15.9 ቢሊዮን ዶላር ኪሳራ አስመዘገበ። ብዙ ሰው «ኢሜይል ገደለው» አለ። ደብዳቤ መቀነሱ እውነት ነው። ግን ከዚያ ኪሳራ ውስጥ 11.1 ቢሊዮኑ የዚሁ የሕክምና ግዴታ የሁለት ክፍያ ነበር፤ ተመዘገበ እንጂ በጥሬ ገንዘብ አልተከፈለም። አሥር ዓመት እንለፍ። በ2022 ሌላ ሕግ ወጣና ያልተከፈለው ግዴታ ተሰረዘ። ድርጅቱም የ56 ቢሊዮን ዶላር ትርፍ አስመዘገበ! አንዲት ፖስታ ሳትጨመር። የአንድ ጊዜው ስረዛ ከሒሳቡ ቢወጣ ዓመቱ ኪሳራ ነበር።

ስለዚህ ቁጥሩ ድንገት ሲዘል የትርፍና ኪሳራውን ገጽ ይተዉና የጥሬ ገንዘብ ፍሰት መግለጫውን ይክፈቱ። እዚያ ከወትሮው የተለየ ነገር ከሌለ የተቀየረው ሥራው ሳይሆን ሕጉ ወይም አመዘጋገቡ መሆኑን ይጠርጥሩ።

መዝጊያና መክፈቻ ሒሳብን አለማገናኘት

ይህች አምስት ደቂቃ የምትፈጅ ሥራ ናት። ለምሳሌ የአንድ ድርጅት ያለፈው ዓመት ሪፖርት ጠቅላላ ሀብቱን 400 ብሎ ዘጋ እንበል። የዘንድሮውን ሪፖርት ይግለጡና የማነጻጸሪያውን ዓምድ ይመልከቱ። እዚያም 400 ካለ ደህና ነው። 520 ካለ ግን በመሃል አንድ ነገር ተደርጓል፤ አብዛኛውን ጊዜ ከዓምዱ ራስ ላይ «እንደገና የተስተካከለ» የሚል ነገር በትንሹ ተጽፎ ያገኛሉ። ምክንያቱ ማብራሪያዎቹ ውስጥ አለ። የተረሳ ንብረት ተገኝቶ ይሆናል፣ ያለፈ ስህተት ታርሞ ይሆናል።

ድርጅቱ አይኤፍአርኤስ ወደሚባሉት ዓለም አቀፍ የሒሳብ ሪፖርት ደረጃዎች ገና እየተሻገረ ከሆነ ደግሞ የድሮ ሕንጻና ማሽን በወቅቱ ዋጋ ተተምኖ ሊሆን ይችላል። ይህ ሲሆን ሀብቱ ያብጣል። በሚቀጥሉት ዓመታት ግን የእርጅና ቅናሹም አብሮ ስለሚያብጥ ትርፉ ይቀጭጫል። ማሽኖቹ ያው የድሮዎቹ ናቸው።

ሁለት የመንግሥት ድርጅቶች ሲዋሃዱም ይህን ያስቡ። በአንድ ባለቤት ሥር ያሉ ድርጅቶች ውህደት የኩባንያዎች ውህደትን ከሚመለከተው የአይኤፍአርኤስ ደረጃ ውጭ ነው። አንዱ ድርጅት ንብረቱን በነበረበት የመዝገብ ዋጋ ሲያስተላልፍ ሌላው በአዲስ ግምት ሊያስተላልፍ ይችላል። የትኛው እንደተመረጠ ሳያውቁ ከውህደቱ በፊትና በኋላ ያለውን ማነጻጸር ትርጉም የለውም።

ድጎማን ከሽያጭ ጋር መደባለቅ

ድጎማን የሚመለከተው የአይኤፍአርኤስ ደረጃ ራሱ ድጎማን በሁለት መንገድ ለማሳየት ይፈቅዳል፦ ለብቻው ገቢ ተደርጎ ወይም ከሚመለከተው ወጪ ላይ ተቀንሶ። በሁለተኛው መንገድ ከሄደ የትርፍና ኪሳራው ገጽ ላይ ድጎማ የሚል ቃል ላያገኙ ይችላሉ። «ወጪ ቆጣቢ ድርጅት» ተብሎ የሚሞገሰው አንዳንዴ ይሄ ነው።

የምደባ ለውጥን አዲስ ብድር ማድረግ

የእንግሊዙ ኔትወርክ ሬል የባቡር ሐዲድ ባለቤት ነው። በ2002 ሥራውን ሲረከብ በስታቲስቲክስ ምደባ የግል ዘርፍ ተብሎ ነበር፤ ብድሩን ግን መንግሥት ዋስ ሆኖለታል። በ2014 የመስከረም ወር ወደ መንግሥት ዘርፍ ተዛወረ። በዚህ ብቻ የሀገሪቱ የመንግሥት ዘርፍ ዕዳ 30 ቢሊዮን ፓውንድ ገደማ ጨመረ። በዚያን ቀን አዲስ የተበደረ የለም።

ከዚህ የሚወሰደው ለሌላውም ይሠራል፦ የመንግሥት ዕዳ ሲባል የትኞቹ ድርጅቶች ውስጡ እንደተቆጠሩና ዋስትናዎቹ የት እንደተቀመጡ ይጠይቁ።

የበጀት ዓመቱ ሲቀየር አለማስተዋል

የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት በ1976 የበጀት ዓመቱን መጀመሪያ ከሐምሌ ወደ ጥቅምት ሲያዛውር ለብቻዋ የቆመች የሦስት ወር ሩብ ተፈጠረች። እንዲህ ያለች ቁራጭ ጊዜ ስትገጥምዎ ከሙሉ ዓመት ጋር አያወዳድሯት። አዲስ የተቋቋመ ድርጅት የመጀመሪያ ሪፖርትም ብዙ ጊዜ ሙሉ ዓመት አይሞላም።

የኦዲተሩን ገጽ መዝለል

አስተያየቱ ነቀፌታ የሌለበት ከሆነ ጥሩ፤ ይቀጥሉ። «ከሚከተለው በስተቀር» የሚል ካለበት ግን ቀጥሎ የሚመጣውን ቃል በቃል ያንብቡ። በተከፈሉ ድርጅቶች ላይ በብዛት የሚታየው የርክክብ ችግር ነው፦ የንብረት ቆጠራ አልተሟላም፣ ከቀድሞው ድርጅት የሚፈለገው ሒሳብ በሌላው ወገን አልተረጋገጠም፣ ሁለቱ መዝገቦች አይገናኙም። ኦዲተሩ የፈረመበትን ቀንም ይመልከቱ። ሒሳቡ ከተዘጋ ከሦስት ዓመት በኋላ የተፈረመ ከሆነ የሚያነቡት ድርጅት እስከዚያ ድረስ እንደገና ተከፍሎ ሊሆን ይችላል።