የተረፈ ጥብስ ለፍርፍር

ኮዬ ፈጬ፣ የካ አባዶ፣ ለገጣፎ አካባቢ ያላችሁ፣ ከቅርጫ በኋላ ጥብስ ከተረፋችሁ እንዲሁ ደግማችሁ አታሙቁት፤ እንደ ጎማ ይሆናል። በቢላ ደቀቅ አድርጋችሁ ክተፉትና ለፍርፍር አውሉት።

ቀይ ሽንኩርት አቁላሉ፣ ዘይትና በርበሬ ጨምሩ፣ በርበሬው እንዳያር ውሃ ጠብ እያደረጋችሁ አማስሉ። ነጭ ሽንኩርትም አይቅር። ውሃ ጨምራችሁ ሲፈላ ሥጋውን ክተቱና አብሮ በደንብ ይንተክተክ፤ ለብ ማድረግ ብቻ አይበቃም። ጨው ከመጨመራችሁ በፊት ቅመሱ፣ ጥብሱ ቀድሞም ጨው አለበት። እሳቱን ቀንሳችሁ እንጀራ ቆራርሱበት። የትናንቱ ይሻላል፤ ትኩስ እንጀራ ይላቁጣል። ድርቆሽ ካላችሁማ መረቁን ምጥጥ ስለሚያደርግ ከሁሉም እሱን እመርጣለሁ። ቅቤ መጨረሻ ላይ።

ክትፎ ግን ሌላ ነው። ጥሬ ወይም ለብለብ ከሆነ አታሳድሩት፤ ዕለቱን በደንብ አብስላችሁ በቃሪያና በሽንኩርት የሳምቡሳ ሙሌት አድርጉት። ወፈር ያለ ምስር ወጥም ለሳምቡሳ ይሆናል። የሽሮውን ፍትፍት ሁሉም ያውቀዋል።

የበሰለ ሥጋ ከ2 ሰዓት በላይ ውጭ አይቆይ። ፍሪጅ ውስጥ ከ3 እስከ 4 ቀን ስለሚቆይ የማክሰኞ ማታው ጥብስ የረቡዕን ጾም አልፎ ሐሙስ ይበላል። መብራት ከጠፋ (ዳር ሰፈር መቼ ይቀራል!) በሩን አትክፈቱ፤ ተዘግቶ ከቆየ ቅዝቃዜውን 4 ሰዓት ያህል ይይዛል። ከዚያ በላይ ከቆየ ሥጋውን አስወግዱት።