ፕሮግራሙ ሳይጠፋ ኮዱን መቀየር

በሲ ቋንቋ አንድ ትንሽ ጌም እየሠራችሁ ነው እንበል። የኳሷ ፍጥነት አልጣማችሁም። 5ን ወደ 7 ለመቀየር ጌሙን ትዘጋላችሁ፣ ኮዱን ኮምፓይል ታደርጋላችሁ (ማሽኑ ወደሚያስኬደው ፋይል ትቀይራላችሁ)፣ ትከፍታላችሁ፣ እዚያው ቦታ እስክትደርሱ እንደ አዲስ ትጫወታላችሁ። ሊኑክስ ላይ ይህ ሁሉ ልፋት አያስፈልግም።

መጀመሪያ ፕሮግራሙን ለሁለት ክፈሉት። አንዱ ዋናው ነው፤ መስኮቱን ይከፍታል፣ ሜሞሪውን ይይዛል፣ አይዘጋም። ሌላው ሞጁሉ ነው፤ የጌሙ አካሄድ ያለው እሱ ውስጥ ነው። ኳሷ የት እንዳለች፣ ነጥቡ ስንት እንደደረሰ፣ ሁሉንም አንድ ስትራክት (ብዙ ዋጋዎችን አንድ ላይ የሚይዝ የመረጃ ቅርጽ) ውስጥ አስቀምጡት። ስትራክቱን ዋናው ፕሮግራም ሜሞሪ በሚያስይዘው ፈንክሽን በማሎክ ይፍጠረው፤ አድራሻውን ለሞጁሉ ፈንክሽን ይስጠው። ሞጁሉ ውስጥ ግሎባል ወይም ስታቲክ ቫሪያብል አታስቀምጡ። ሞጁሉ ከሜሞሪ ሲወርድ ቫሪያብሉም አብሮት ይሄዳል።

ሞጁሉን ጂሲሲ በሚባለው ኮምፓይለር «ሼርድ» እና «ኤፍፒክ» በሚሉት አማራጮች ኮምፓይል አድርጉት፤ ያኔ ሌላ ፕሮግራም እየሠራ ሳለ ሊጭነው የሚችል ፋይል ይሆናል። ዋናው ፕሮግራም በዲኤልኦፕን ይከፍተዋል፤ በዲኤልሲም ደግሞ ፈንክሽኑን በስሙ ፈልጎ ፖይንተሩን (የሜሞሪ አድራሻውን) ይወስዳል። ስትከፍቱ «አርቲኤልዲ ናው» የሚለውን የዲኤልኦፕን አማራጭ ምረጡ። የጎደለ ፈንክሽን ካለ ገና ሲከፈት ታውቃላችሁ፤ መሃል ጨዋታ ላይ ጉድ አያደርጋችሁም።

ከዚያ በየፍሬሙ (ጌሙ ስክሪኑን አንዴ በሣለ ቁጥር) መጀመሪያ ላይ የሞጁሉ ፋይል የተቀየረበትን ሰዓት የፋይል መረጃ በሚሰጠው ፈንክሽን በስታት እዩ። ከተቀየረ በዲኤልክሎዝ ዝጉት፣ መልሳችሁ ክፈቱት፣ ፖይንተሩንም እንደገና ውሰዱ። ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። አሮጌውን ሳትዘጉ በዚያው ስም ብትከፍቱ የሚመለስላችሁ ያው አሮጌው ነው። በዚያች ቅጽበት ደግሞ የሞጁሉን ኮድ እያስኬደ ያለ ትሬድ (ፕሮግራሙ ውስጥ ጎን ለጎን የሚሄድ ሥራ) መኖር የለበትም።

ብዙ ሰው የሚሰናከለው ፋይሉን ሲተካ ነው። አዲሱን በአሮጌው ላይ በሊኑክስ የመገልበጫ ትዕዛዝ በሲፒ ብትገለብጡ፣ ፕሮግራሙ እየሠራበት ያለውን ኮድ ከሥሩ ጎተታችሁበት ማለት ነው። ብዙ ጊዜ እዚያው ይሞታል። ስለዚህ ሞጁሉን በጊዜያዊ ስም ኮምፓይል አድርጉ፤ ከተሳካ ብቻ በስም መቀየሪያው ትዕዛዝ በኤምቪ ትክክለኛውን ስም ስጡት። ሁለቱም አንድ ፋይል ሲስተም ላይ እስካሉ ድረስ ኤምቪ ስሙን በአንዴ ይቀይራል፤ ግማሹ የተጻፈ ፋይል ማንም አያይም። አሮጌውም ፕሮግራሙ እስኪለቀው ድረስ ዲስኩ ላይ ይቆያል።

እኔን አንድ ሙሉ ምሽት ያደከመኝ ግን ሌላ ነው። ስትራክቱ ውስጥ የመልዕክት ፖይንተር ነበረኝ። ሞጁሉ «ጨዋታው አለቀ» የሚለውን ጽሑፍ አድራሻ እዚያ ላይ ያስቀምጥ ነበር። ሞጁሉን ቀይሬ፣ ጽሑፉ ስክሪን ላይ ሊወጣ ሲል፦ «ሴግመንቴሽን ፎልት»፤ ፕሮግራሙ የማይነካ ሜሞሪ ነክቶ ሞተ ማለት ነው። ጽሑፉ የነበረው ሞጁሉ ውስጥ ነው፤ ሞጁሉ ሲወርድ አድራሻው ባዶ ሜዳ ሆነ። የባሰው ደግሞ አንዳንዴ ሞጁሉ እዚያው አድራሻ ላይ ተመልሶ መጫኑ ነው። ያኔ ምንም ችግር የሌለ ይመስላል። አሁን ፊደሎቹን ራሳቸውን ስትራክቱ ውስጥ ወዳለ አሬይ (ተከታታይ ቦታዎች ያሉት ቫሪያብል) እገለብጣለሁ። ስትራክቱ ውስጥ የተቀመጠ የፈንክሽን ፖይንተርም ዕጣው ያው ስለሆነ፣ ሞጁሉ በተጫነ ቁጥር እንደገና ሙሉት።

የስትራክቱን ቅርጽ ራሱን ከቀየራችሁ ግን ይህ ዘዴ አይሠራም። መሃሉ ላይ አንድ ቁጥር ብትጨምሩ አዲሱ ሞጁል የኳሷን ቦታ እንደ ነጥብ ሊያነብ ይችላል። የስትራክቱን መጠን በሳይዝኦፍ ወስዳችሁ ስትራክቱ መጀመሪያ ላይ አስቀምጡ፤ ሞጁሉ ሲጫን ከራሱ ጋር ያመሳክር። ካልገጠመ ጌሙን ዝጉትና ዋናውንም ጭምር ኮምፓይል አድርጉ።