ብርሌ ላይ ታንኳ መቅረጽ

እጃችሁ እስኪለምድ ባዶ የማርማላታ ጠርሙስ ላይ ተለማመዱ፤ ብርሌ ቀጥሎ ይመጣል። ከባሕር ዳር ገበያ ብርሌ ስትገዙ ወደ ብርሃን አንሥታችሁ ሆዱን እዩት። የአየር አረፋ ያለበትን ተዉት፤ ፑንታው (የመቅረጫ ማሽኑ የሚሽከረከር ጫፍ) አረፋው ላይ ሲደርስ መስታወቱ ይሸረፋል። አንገቱ ስስ ስለሆነ ጌጡ ሆዱ ላይ ብቻ ይሁን። በሙቀት የተጠናከረ የሻይ ብርጭቆ ደግሞ ፈጽሞ አይቀረጽም፤ በውስጡ ውጥረት ስላለ እጃችሁ ላይ ይበተናል።

የሚያስፈልገው ፍጥነቱ የሚስተካከል ትንሽ የእጅ መቅረጫ ማሽን፣ 1 እና 2 ሚሊ ሜትር ክብ የአልማዝ ፑንታ፣ አንድ ሹል ፑንታ፣ መነጽር፣ የአቧራ ጭምብል፣ ስፖንጅ፣ እንዲሁም አሸዋ የተሞላ ካልሲ ነው። ካልሲው ብርሌው እንዳይንከባለል ይይዘዋል። በባትሪ የሚሠራ ማሽን ይሻላል። መብራት ቢሄድ አያቆምም፤ ከዚያም በላይ ውሃና የግድግዳ ኤሌክትሪክ አብረው አይሄዱም።

ብርጭቆ ቢሆን ኖሮ ሥዕሉን ከውስጥ ለጥፎ ከውጭ መከተል ይበቃ ነበር። ብርሌ ውስጥ ግን ወረቀት ቢገባም አይስተካከልም። ስለዚህ ሆዱን በሳሙና አጥባችሁ አድርቁ፣ ነጭ የውሃ ቀለም በስሱ ቀቡ፣ ሲደርቅ ሥዕሉን በካርቦን ወረቀት አስተላልፉ። ቀለሙ ውሃ ሲነካው ስለሚታጠብ አስቀድማችሁ መስመሩን በሹሉ ፑንታ በቀስታ ጫር ጫር አድርጉት፤ እዚህ ላይ ጭምብሉን አትርሱ።

ለጀማሪ ከፔሊካን ይልቅ ታንኳ ይመረጣል። የፔሊካን ሰውነት ወጥ የሆነ ጭጋጋማ ገጽ ይፈልጋል፤ እሱ ደግሞ ከሁሉ ይከብዳል። ታንኳ ግን የታሰረ ደንገል ነው፤ መስመሩ ትንሽ ቢጠም ራሱ ደንገል ይመስላል።

ማሽኑን በደቂቃ ከ10,000 እስከ 15,000 ዙር ላይ አድርጉ። ከስፖንጁ ውሃ እያንጠባጠባችሁ መስመሩን ወደ ራሳችሁ ሳቡ፤ ፑንታው ስለሚሽከረከር ወደ ጎን ሊያመልጥ ይሞክራል። አትጫኑ! እርሳስ ወረቀት ላይ የሚያርፍበት ክብደት ይበቃል። ብዙው ሥራ የሚበላሸው በመጫን ነው፦ ፑንታው ይግላል፣ የአልማዙ ብናኝ ይረግፋል፣ የመስመሩ ጠርዝ ይሸረፋል። ነጭ ዱቄት ከቦነነ ውሃው አልቋል ማለት ነው። ጥልቀቱን በአንድ ጊዜ ከማውጣት ሁለት ሦስት ጊዜ መመላለስ ይሻላል፤ ግማሽ ሚሊ ሜትር ከበቂ በላይ ነው።

እርጥብ መስመር አይታይም። መላው ቀላል ነው፦ ብርሌው ውስጥ የቀዘቀዘ ቡና ሙሉበት (በረካ ጥቁረቱ አይበቃም)። ከጀርባው ሲጠቁር ነጩ መስመር ይወጣል፤ ፈሳሹም ንዝረቱን ያበርዳል።

በክሬም መልክ የሚሸጠው መስታወት የሚበላ ኬሚካል ቢቀር ይሻላል። በውስጡ ያለው ፍሎራይድ ቆዳ አልፎ ይገባል፤ ሕመሙም ዘግይቶ ሊሰማ ይችላል።

የመስታወቱ ጭቃ ሳይደርቅ በእርጥብ ጨርቅ ጠርጉት፤ ከደረቀ አቧራ ሆኖ ሳንባ ይገባል። እጣቢውን በባልዲ አስቀምጡ፣ ዝቃጩን ጠቅልላችሁ ጣሉ፤ ወደ ጣና አይሂድ። በመጨረሻ ብርሌውን ባዶ አድርጋችሁ በጥፍር መታ መታ አድርጉት። ጥርት ያለ ድምፅ ከሰጠ ደህና ነው፤ ድፍን ካለ የተደበቀ ስንጥቅ ሊኖር ስለሚችል ጠጅ አይቀዳበትም።