ሪከርዱን አስገብቼ «አልተገኘም» የሚለኝ ለምንድን ነው?

ምልክት፦ ዶሜይኑ (የድረ ገጽዎ ስም) የእርስዎ መሆኑን የሚያረጋግጠውን ኮድ ከጎግል ወይም ከኢሜይል አገልግሎቱ ቀድተው በዶሜይኑ ቅንብር ውስጥ እንደ ቲኤክስቲ (TXT) ሪከርድ፣ ማለትም ከዶሜይኑ ጋር እንደሚቀመጥ የጽሑፍ መስመር፣ አስገብተዋል፤ ገጹም «ተቀምጧል» ብሏል። «አረጋግጥ» የሚለውን ሲጫኑ ግን «አልተገኘም» ይላል። በማግስቱ ሲሞክሩትም ያው ነው።

ቲኤክስቲ ሪከርድ የት እንደሚጨመር ያውቃሉ ብዬ እነሳለሁ። የማያውቁ ከሆነ የሚያውቅ ሰው አጠገብዎ ያስቀምጡ።

ምክንያት፦ ጅማ ውስጥ ደጋግሜ ያየሁት ጥፋት ከኮዱ አይደለም፤ ሪከርዱ የገባው ማንም በማያነበው ቦታ ነው። ዶሜይኑን የሸጠልዎት ድርጅት አንድ ነው፤ ስለዚያ ዶሜይን ለሚጠይቅ ሁሉ መልስ የሚሰጠው ኔም ሰርቨር ግን ሌላ ድርጅት ዘንድ ሊሆን ይችላል። ድረ ገጹን የሠራው ባለሙያ ኔም ሰርቨሩን ወደ ሆስቲንጉ (ድረ ገጹ የተቀመጠበት ድርጅት) ወይም ክላውድፍሌር ወደሚባለው የኔም ሰርቨር አገልግሎት አዙሮት ከሆነ፣ ዶሜይኑ በተገዛበት ገጽ ላይ ሪከርድ መጻፍ ውሃ መውቀጥ ነው።

ባለፈው ክረምት ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ወደሚገኝ የአንድ ቡና ላኪ ቢሮ ተጠራሁ። ጠረጴዛው ላይ የሊሙ ቡና ናሙና በሳህን ቀርቧል፤ ከሳህኑ አጠገብ ልጃቸው ኮዱን በእጁ የገለበጠበት ደብተር ተከፍቷል። «ልጄ፣ ስድስት ጊዜ አስገብቼዋለሁ፤ ይኸውልህ» አሉኝ ቡና ላኪው ሐጂ። እውነታቸውን ነው። ስድስት አንድ ዓይነት መስመሮች ተደርድረዋል፣ በየመስመሩ ጎን አረንጓዴ ምልክት አለ። ኔም ሰርቨሩን ስጠይቅ የመጡት ሁለቱ ስሞች የሌላ ድርጅት ናቸው።

«ታዲያ ይሄኛው ቦታ ለምን ይቀበለኛል?» አሉ። መልስ አልነበረኝም። ሪከርዱ እንደማይሠራ እያወቀ «ተቀምጧል» የሚል ገጽ የሠራ ሰው፣ ደንበኛው የሚያባክነው ቀን ግድ አልሰጠውም። አንዳንዶቹ በትንንሽ ፊደል ማስጠንቀቂያ ይጽፋሉ፤ ሌሎቹ እሱንም አይጽፉም።

የሆስቲንጉን የይለፍ ቃል የያዘው ድረ ገጹን የሠራው ወጣት ነው፤ እሱ ደግሞ አዲስ አበባ ገብቶ ስልኩን ዘግቷል። ሦስት ቀን ፈለግነው። ቃሉን ካገኘን በኋላ ሥራው አሥር ደቂቃ እንኳን አልፈጀም።

መፍትሄ፦ በኮምፒውተሩ የትእዛዝ መስኮት ኤንኤስሉክአፕ (nslookup) የተባለውን መጠየቂያ ከፍተው ዓይነቱን ኤንኤስ (NS፣ ኔም ሰርቨር ማለት ነው) በማለት ዶሜይንዎን ይጠይቁ። የሚመጣው ስም የማን እንደሆነ ይለዩ፤ ሪከርዱ መግባት ያለበት እዚያ ነው። ካስገቡ በኋላ ዓይነቱን ወደ ቲኤክስቲ ቀይረው ያንኑ ኔም ሰርቨር በቀጥታ ይጠይቁት። ኮዱን ከመለሰልዎት እርስዎ ጨርሰዋል፤ የቀረው መጠበቅ ነው። ካልመለሰልዎት ወይ ሪከርዱ አልገባም፣ ወይ ስሙ ተሳስቷል።

ማስጠንቀቂያ! «ኔም ሰርቨሩን ወደ ገዛሁበት ልመልሰውና ይገላግለኝ» እንዳይሉ። አንድ የጅማ በርጩማ ሻጭ እንዲህ አድርጎ ማረጋገጫው ወዲያው አለፈለት፤ ደስ ብሎት ወደ ቤቱ ገባ። በማግስቱ ድረ ገጹ የለም፣ ኢሜይሉም አይገባም። የድረ ገጹንና የኢሜይሉን አድራሻ የያዙት ሪከርዶች በቀድሞው ኔም ሰርቨር ላይ ነበሩ፤ አዲሱ ባዶ ነው። እንደገና እላለሁ፣ ለአንድ ቲኤክስቲ ሪከርድ ተብሎ ኔም ሰርቨር አይነካም።

ስሙ ሲሳሳት። «ስም» የሚለው ሳጥን ውስጥ ዶሜይኑን ራሱን የሚወክለውን የ@ ምልክት ያስገቡ። ብዙዎቹ ገጾች የዶሜይኑን ስም ራሳቸው ይጨምሩበታል፤ እርስዎም ሙሉ ስሙን ከጻፉት ስሙ ሁለት ጊዜ ተደጋግሞ ይቀመጣል። አንዳንድ ገጾች ደግሞ @ን አይቀበሉም፤ ሳጥኑን ባዶ ይተዉት።

መጠበቅን በተመለከተ «48 ሰዓት ጠብቅ» የሚለውን ምክር ሁሉም ይደጋግመዋል። የሚወስነው ግን ቲቲኤል (TTL) የሚባለው፣ መልሱ በመንገድ ላይ ባሉ ሰርቨሮች ለስንት ጊዜ እንደሚያዝ በሰከንድ የሚጻፍ ቁጥር ነው፦ 3600 ማለት 1 ሰዓት፣ 14400 ማለት 4 ሰዓት ነው። ሰው የማያውቀው ግን «የለም» የሚለው መልስም በመንገድ ላይ ባሉ ሰርቨሮች ለጊዜው መያዙን ነው። ሪከርዱ ሳይገባ ደጋግሞ «አረጋግጥ»ን የጫነ ሰው የራሱን ወረፋ አስረዝሟል። ሻይዎን ይጠጡ።

ኮዱን ከፎቶ አይገልብጡ። ዜሮና ኦ፣ ትንሹ ኤልና ትልቁ አይ በፎቶ አይለዩም፤ ትልቅና ትንሽ ፊደልም ለውጥ አለው። የሐጂ ልጅ ደብተር ላይ ሁለት ፊደል ተሳስቶ ነበር፤ ቦታው ትክክል ቢሆን እንኳ አያልፍም ነበር። በማይክሮሶፍት ወርድ ውስጥ ያለፈ ኮድ ደግሞ የተጠማዘዘ ጥቅስ ይዞ ይመጣል።

አልፎ አልፎ የሚያጋጥሙ፦ በዚያው ስም ላይ ሲኔም (CNAME) ሪከርድ፣ ማለትም አንዱን ስም ወደ ሌላ ስም የሚያዞር መስመር፣ ካለ ቲኤክስቲ አብሮት አይኖርም። አንዱ የጽሑፍ ቁራጭ ከ255 ቁምፊ አይበልጥም፤ ረጅሙ የዲኪም (DKIM፣ የኢሜይል ፊርማ) ቁልፍ ለሁለት ተከፍሎ እያንዳንዱ ቁራጭ በየራሱ ጥቅስ ውስጥ ይገባል። የማረጋገጫ ኮድ ብዙ ቢሆን ችግር የለውም፣ ኤስፒኤፍ (SPF፣ በዶሜይኑ ስም ኢሜይል እንዲልኩ የተፈቀደላቸውን ሰርቨሮች የሚዘረዝር ሪከርድ) ግን ለአንድ ዶሜይን አንድ ብቻ ነው፤ ሁለት ከሆኑ ሁለቱም ዋጋ ያጣሉ፣ ስለዚህ ይዘታቸውን በአንድ መስመር ያዋሕዱት።

ካለፈ በኋላም ሪከርዱን አያጥፉት። ጎግል እየተመለሰ ያያል፤ ሲያጣው ማረጋገጫውን ይሰርዛል። አንድ የሆቴል ሥራ አስኪያጅ «ትርፍ መስመር ነው» ብለው አጽድተውት እንደገና ጠሩኝ። ሐጂ ግን የሁለቱን ድርጅቶች ስምና የይለፍ ቃል በወረቀት አጽፈው፣ ከንግድ ፈቃዳቸው ጋር በአንድ ፋይል ካዝና ውስጥ አስገብተውታል።